አባቴ በዙም ክፍል ውስጥ

በኮሮና ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን የምከታተለው እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ በዙም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ፊታችንን እናሳይ ነበር፤ በኋላ ሰለቸንና ካሜራችንን ዘጋን። እኔማ ላፕቶፑን ከፍቼ ሶፋው ላይ እተኛለሁ። አባቴ ግን ሰው እያወራ መተኛት ነውር ነው ይሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ፊት ይቀመጣሉ። የመምህሩ ዕብራይስጥ ብዙም አይገባቸውም፤ ቢሆንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን መምህሩ፣ "የሚሰማኝ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። ይህቺ ግን ለአባቴ ገባቻቸው። ከወንበራቸው ብድግ ብለው በአማርኛ፣ "አለን፣ ጌታዬ" አሉት።

ማይክሮፎኑም ካሜራውም ዝግ እንደነበር ለመንገር እንኳ ደከመኝ።