የጋሽ ዑስማን ምርጥ አውስተሮች

ከፍራንክፈርት

በፈረንጆች 2012 ጥቅምት ላይ ከሰፈሬ ከቦርንሃይም በጠዋት ተነሥቼ የሆላንድን ባቡር ያዝኩ። ከበርገር ሽትራሰ ጎዳና የገዛሁት ብሬትሰል የሚሉት ጨዋማ ዳቦ ቁርሴ ሆነ። የምሠራበት ላብራቶሪ የአውስተርን ዘር ይመረምራል። አውስተር ማለት ቅርፊቱ ድንጋይ የሚመስል፣ ሰዎች በሎሚ ጥሬውን የሚበሉት የባሕር ፍጥረት ነው።

የምሄደው ጋሽ ዑስማን ጋ ነው። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ ሆላንድ ጠረፍ ላይ አውስተር ሲያረቡ አርጅተዋል። የአገሩ ተወላጅ አውስተር እየጠፋ ሲሄድ እያስፈለፈሉ ወደ ባሕሩ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ባለፈው በጋ ግን በሽታ ገብቶ አለቁባቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ናሙና ላኩልን፤ ውጤቱ ክፉ ሆነ። አለቃዬ በኢሜይል እንላክላቸው ሲል እምቢ አልኩ። መርዶ በኢሜይል አይነገርም፤ ቀጠሮዎቼን፣ ቴርሚኖቼን ሁሉ ሰርዤ ወጣሁ።

በመንገድ

ከኮሎኝ በኋላ ዝናብ ጀመረ። የባቡሩ ቡና ሦስት ዩሮ፣ ጣዕሙ እጣቢ። ኡትሬክት ባቡር ቀየርኩ፤ መጨረሻው አውቶቡስ ነው። አገሩ ከባሕሩ ዝቅ ይላል፤ ላሞቹ ግድብ ሥር ይግጣሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ ደረስኩ።

ጠረፉ ላይ

ጋሽ ዑስማን ቤታቸው ዓሣ ጠብሰው ጠበቁኝ። በልተን እስክንጨርስ ውጤቱን አቆየሁት።

«ተናገሪ እንጂ ልጄ፤ ምን ገደላቸው?»

«ለዘር የሚያስቀሩትን እንዴት ነበር የሚመርጡት?»

«ወፍራም ወፍራሙን ነዋ። በየዓመቱ እነሱው ይወልዳሉ፤ ቀጫጮቹን እሸጣለሁ።»

«ጋሽ ዑስማን፣ እኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እዚህ ባሕር ውስጥ ግን ከጥቂት ወላጆች ስለተገኘ ሁሉም ወንድምና እኅት ሆኗል። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ጣለ።»

«እኛ ደግሞ የአጎት ልጅ እናገባለን» ብለው ለመቀለድ ሞከሩ። ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «የድሮዎቹስ? እኔ ሳልመጣ የነበሩት?»

«ከናሙናው አንድም አላገኘንም። የእርስዎ አውስተሮች ቦታውን ሞልተውት ነበር።»

«ባልነካቸው ይሻል ነበር?»

መዋሸት አቃተኝ። «ጥቂት ይሆኑ ነበር፤ ግን የተለያዩ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና አለቀሱ። አንጀቴን በሉት። ከሌላ ባሕር አምጥተን ማርባት እንደምንችል ነገርኳቸው።

«የዚህ ባሕር አይሆኑም» አሉ።

«አይሆኑም።»

ስመለስ

በማግስቱ ፍራንክፈርት ገባሁ። የሚጠፋን ነገር ማብዛትና ማዳን አንድ እንዳልሆነ በወረቀት አውቅ ነበር፤ በሰው ፊት ላይ ያየሁት ግን በዚህ ጉዞ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ስልክ ደወሉ።

«አየርላንድም ፈረንሳይም እንደኔ የሚመርጡ አሉ። ስሜን ጠርተሽ ንገሪያቸው።»

«ስምዎን ልተወው፣ ጋሽ ዑስማን።»

«አይሆንም። የሰው ስም ከሌለበት ማንም በኔም ይደርሳል አይልም።»

ከበደኝ፤ ግን ቃላቸው ነውና ስማቸውን ጠርቼ ይህን ጻፍኩ።