ከሰል የበላው ድድ

ወገኖቼ፣ ዛሬ እኔም ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ። ባለቤቴ «አሳጥረው» ብላኛለች፤ እሞክራለሁ። ጌታ ይመስገን።

እንጅባራ ገበያ ከሰል የምሸጠው ሰውዬ ነኝ። ጌታን ሳላውቅ አንድ የመሸጫ ዘዴ ነበረኝ። ገዢ በከሰሌ ካፌዘች፣ ከማዳበሪያው ቁራጭ አንሥቼ አደቅቅና እፊቷ ጥርሴን በመፋቂያ እፍቅበታለሁ። «እኔ ለአፌ ያልተጠየፍሁትን አንቺ ለምድጃሽ ትጠየፊዋለሽ?» ትስቃለች፤ ትገዛለች። በአንድ ገበያ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ የፋቅሁበት ቀን አለ።

ከዓመታት በኋላ የታች የፊት ጥርሶቼ ረዘሙብኝ። ለካ ጥርሱ አልረዘመም፤ ድዱ ነው የሸሸው። ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ይነዝረኛል። ባሕር ዳር ሄጄ ለአንዲት የጥርስ ሐኪም ታየሁ።

«ጋሼ፣ የሸሸ ድድ መልሶ አይበቅልም» አለችኝ። «አጠገቡ ያለውን ስቦ መስፋት አለ፤ የእርስዎ ግን ስስ ነው። ከላንቃዎ ትንሽ ሥጋ ቆርጠን ብንሰፋበት ይሻላል። ዝም ካሉት እነዚህ ሁለት የፊት ጥርሶች ይሄዳሉ።»

«ከላንቃዬ?»

«ከላንቃዎ። በምንድን ነው የሚፍቁት?»

«በብሩሽ» አልኋት። ቤታችን ብሩሽ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቢላዋ ስሰማ ነው እንግዲህ ጸሎት ትዝ ያለኝ። ባለቤቴ ስንት ዓመት ለምናኝ ያልመጣሁት ሰውዬ እዚህ ፊተኛው ወንበር ላይ ተገኘሁ። ጸለያችሁልኝ፤ ተባረኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ አሰለቻችሁኝም። አንዱ «እምነት ጎድሎህ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «በጨው ተጉመጥመጥ»። አንዲት እህት ደግሞ በየእሑዱ «እስኪ አፍህን ክፈት» ትለኛለች፣ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው። ድዱ ንቅንቅ አላለም። በጌታም ተማረርሁ፤ «ሰማይና ምድርን የሠራህ፣ ጥፍር የማታህል ሥጋ አቃተችህ?» አልሁት።

አንድ የገበያ ቀን ለአንዲት ሴት እየፋቅሁ ሳለ መጋቢያችን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ሴትዮዋ ገዝታ እስክትሄድ ጠበቁ።

«ይህን ሁልጊዜ ታደርገዋለህ?»

«ለገበያ ነው፣ መጋቢ።»

«ሐኪሟ ታውቃለች?»

መፋቂያውን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«አንተ ሰው፣ እሑድ ጉባኤውን አስነሥተህ ‹ጌታ ሆይ ትከል› ታሰኘናለህ፤ በገበያ ቀን ራስህ ትነቅላለህ። እሱስ ምን ያድርግህ?»

ማዳበሪያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እንዲያድነኝ ለመንሁት እንጂ እንዲያስተወኝ አንድ ቀን አልለመንሁትም ነበር። መፋቂያውን ሰበርሁ። ጌታን የተቀበልሁት እዚያው ከሰል ተራ ነው፤ ሃሌሉያ።

ለሐኪሟ ውሸቴን ነገርኋት። ተቆጣችኝ፤ ለስላሳ ብሩሽ አስያዘችኝ። ድዱ ሲረጋጋ ከላንቃዬ ቆርጣ ሰፋችልኝ። አፌን ሳላንቀሳቅስ አጥሚት እየጠጣሁ ሰነበትሁ፤ ባለቤቴ ከተጋባን ወዲህ ጸጥታ ያገኘችው ያኔ ነው። ሥጋው ያዘ። ጥርሶቼም እነዚሁ ናቸው፤ እህቴ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ፣ ነይና እይ። ለሐኪሟ የሚፈውስ እጅ የሰጣት ጌታ ይመስገን።

እናንተም የምትለምኑት ያላችሁ፣ እመኑት። ግን በእጃችሁ የያዛችሁትን አስቀድማችሁ አስቀምጡት።

ባለፈው ገበያ አንዲት የድሮ ደንበኛዬ መጥታ «ዛሬስ አትፍቅበትም?» አለችኝ።

«ለማንደጃ ነው እንጂ ለጥርስ አይሆንም» አልኋት።

አየት አደረገችኝና ከጎረቤቴ ገዛች። እኔም ጥርሴን አሳይቼ ሸኘኋት።