ኮሚቴው ቤቴን ሊያይ የመጣ ዕለት

ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ሌሊት እህቴ ወይንሸት አልተኛችም። ጋቢ አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ጨመረች፤ አወጣሁት፤ መልሳ ጨመረችው። ጁባ ሙቀት ነው ብላትም አላመነችኝም፤ ለእርሷ ሰው የሚሰደድበት አገር ሁሉ ይበርዳል። የወጣሁበትን ምክንያት እዚህ አልጽፍም። ፊደሉን አተልቄ ነው የምጽፈው፤ መስመሬ ቢጣመም አንባቢ ይታገሠኝ።

ሸሪካት በምትባል የጁባ ሰፈር ለአገሬ ነጋዴዎች ልጆች ታሪክና አማርኛ ሳስተምር ኖርሁ። የአገሬ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የዚህ ሙቀት ግን ሐሳብ ያቀልጣል፤ ከቀትር በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ጀምሬ አልጨርስም ነበር። ቀስ በቀስ ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ለበሱ፤ ማስተማሩም ቀረ። ካቶር ወደሚባል ሌላ ሰፈር ተዛውሬ፣ ወይዘሮ አልማዝ ከምትባል ባለ ምግብ ቤት ጓሮ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። ያለኝ አንድ አልጋና አንድ ጀሪካን ነበር።

የከተማው አስተዳደር በሰፈሩ የሚኖሩ አረጋውያንን መዝግቦ፣ የዓይን ሐኪሞች ከውጭ ሲመጡ በነጻ እንደሚያሳክም ሰማሁ። ቢሮው ሄድሁ።

«የዕድሜ ማስረጃ?» አለኝ ኃላፊው።

«ፀጉሬን ተመልከት።»

«ፀጉር ማኅተም የለውም፣ ጂዱ።» ጂዱ ማለት አያቴ ነው፤ እዚህ ሽማግሌ የሚጠራው እንዲያ ነው። ከፓስፖርቴ ላይ ዕድሜዬን አየና፣ ችግረኛ መሆኔን ኮሚቴው ቤቴ መጥቶ እንደሚያረጋግጥ ነገረኝ።

ይህን ለአልማዝ መንገሬ ነው ጉዱ።

«ባለሥልጣን መጥቶ ባዶ ቤት ሊያይ? እኔ እያለሁ? አያደርገውም!» አለች። የምግብ ቤቷን ወንበሮች አስገባች፤ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ከጀነሬተሯ ገመድ ስባ ማራገቢያ ተከለች። እኔስ ብሆን? ሙሉ ልብሴን ለበስሁ፤ ክራባትም አሰርሁ። እንግዳ ሊመጣ ነዋ።

ኃላፊው ኮሚቴውን ወክሎ ኛቻን ከምትባል ሠራተኛው ጋር መጣ። ኛቻን ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ እኛው የሆነ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። አልማዝ ጥብሱን እያንጫጫች አቀረበች፤ ቢራው ቀዝቅዟል።

«ይኼ ከእኔ ቤት ይሻላል!» አለ ኃላፊው፤ እየሳቀ ማራገቢያው ሥር ተቀመጠ።

ኛቻን በአማርኛ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዕቃው የሰው ነው ይበሉት» አለችኝ። «እኔ ብናገር ለሐበሻ አደላች ይለኛል።»

አልማዝ ትሪዋን ይዛ በኩራት በሩ ላይ ቆማለች። በእንግዳ ፊት እንዴት አድርጌ ላዋርዳት?

«የሚጎድልህ ነገር አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም።»

«ዓይንህስ?»

«እሱ እንኳ ትንሽ ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ» አለች ኛቻን። «አንድ ቃል ብቻ።»

«አንቺ ምነው አልበላሽም? ብዪ እንጂ!» አልኋት።

ከሳምንት በኋላ ኛቻን ብቻዋን መጣች። ወንበሮቹ ተመልሰው ስለነበር አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

«‹እርዳታ አያስፈልገውም› ብለው ዘጉት፣ ጋሼ። እናቴም እንግዳ ሲመጣ የጎረቤት ፍራሽ ትዋስ ነበር፤ እኔ ይገባኛል። አለቃዬ ግን ያየው ጥብሱን ነው።»

«ሐኪሞቹ ከዚህ ዙር በኋላ መቼ ይመለሳሉ?»

«ስለ መመለሳቸው የሰማሁት ነገር የለም።»

አልማዝ ወሬውን ስትሰማ በጣም ተናደደች። «ምን አጎደልንባቸው? ሥጋው ጠንክሮባቸው ይሆን?» አለች። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ዛሬም አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ስታመጣልኝ እጄን ይዛ ብርጭቆውን ታስጨብጠኛለች።

ባለፈው እሑድ ወይንሸት ደወለች።

«ወንድምጋሼ፣ ትናንት የላክሁልህ ፎቶ ደረሰህ?»

ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብሁት፤ ወደ ብርሃን አዞርሁት። ደብዛዛ ቡናማ ነገር ነው። የልጅ ልጇ ክርስትና ሰሞኑን እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ደርሶኛል። እንዴት ያምራል! እግዜር ያሳድገው» አልኋት።



«ያበጠው እግሬ እኮ ነው» አለችኝ። «ሐኪም ቤት ልሂድ ወይ ልልህ ነበር። ወንድምጋሼ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?»

የጁባ ኔትወርክ አንድ ወሬ አያስጨርስም። በዚያ ሰዓት ግን አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።