ካማዶ ለልጁ ብላ የለወጠችው ታሪክ

ካማዶ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ገበያ ውስጥ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። ትዳር አልያዘችም። ታናሽ ወንድሟን ባሕር ሲበላው ሕፃን ልጁን ቾሾን ወስዳ አሳደገች፤ እሱም «እማ» ይላት ነበር። ገበያተኞች «ይሄ ልጅ ቶፉሽን ጨረሰው እኮ» ሲሏት፣ «ይብላ፤ ለማን ብዬ ነው የምሠራው?» ትላለች።

ልጁ አንድ ቀን አያቶቹ እንዴት እንደሞቱ ጠየቃት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። አንድ የገዛ አገራቸው ወታደር ለአባቷ የእጅ ቦምብ ሰጥቶ፣ አሜሪካኖች ከመድረሳቸው በፊት ራሳቸውን እንዲያጠፉ ሲያዝ በጆሮዋ ሰምታለች። ቦምቡ ሲፈነዳ እሷ ወንድሟን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ይሄ ለሕፃን ይነገራል? «ለአገራቸው ብለው፣ ወደው፣ ተቃቅፈው አንቀላፉ» አለችው። ሲያድግ እነግረዋለሁ እያለች ዘመኑ ሄደ።

ቾሾ አድጎ ፓርላማ ገባ። አንድ ቀን ቶኪዮ ላይ፣ የደሴቲቱን ሕዝብ ሙት ብሎ ያዘዘ ወታደር የለም፣ ወደው ነው የሞቱት፣ ያሳደገችኝ አክስቴም እማኝ ናት ብሎ ተናገረ። ደሴቲቱ በቁጣ ነደደች። የሟች ዘመዶች ፎቶ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ከካማዶ ቶፉ የሚገዛ ጠፋ።

ሊያያት ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው።

«እማ፣ ምነው እስከዛሬ?»

«ትንሽ ልጅ ነበርክ። አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ ሂድና እውነቱን ተናገር።»

እሺ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቷት ሄደ።

ፖለቲከኛ ይቅርታ ሲጠይቅ «ካለ» የምትለዋን ቃል አይረሳም። ቾሾም በቴሌቪዥን ቀርቦ «ያስቀየምኩት ሰው ካለ ቃሌን አንስቻለሁ» አለ። አክስቱ ዛሬም ያንኑ ይላሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ። «እሳቸው አርጅተዋል፤ ነገር ይምታታባቸዋል» አለ። እማ መባሉ ቀርቶ «እሳቸው» ሆነች።

በማግስቱ አንድ ጋዜጠኛ ገበያ ድረስ መጥቶ ቾሾ ስለ እሷ ያለው እውነት መሆኑን ጠየቃት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ቾሾ አለቀለት። እናትና አባቷ በአንድ ወገን፣ ያሳደገችው ልጅ በሌላ ወገን ቆሙባት። ልጁ አንጀቷን በላት።

«አዎ፣ አርጅቻለሁ» አለችው። «ይምታታብኛል።»

ጋዜጠኛው አመስግኗት ሄደ። ካማዶ ቶፉዋን ሸፍና ቁጭ አለች። ለእናቷ የዚያን ቀን ያህል አልቅሳ አታውቅም።