ሄክሰ በአማርኛ ምን ይባላል?

አስረሳሽን «ታሪክሽን ልጻፈው?» ብዬ ስጠይቃት ሁለት ነገር ብቻ አለችኝ። አንደኛ፣ ስሜን እንዳትቀይሪ። ሁለተኛ፣ የራስሽን ድርሻ እንዳታልፊው። ስሟን አልቀየርኩም። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻው ገፋ አድርጌዋለሁ፤ የሚያሳፍረውን ነገር ከመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያወጣ ሰው አላውቅም።

አስረሳሽ የምትኖረው ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ውስጥ ነው፤ ባሏ ጥጋቡ አውቶቡስ ይነዳል፣ ልጇ ሔቨን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወንበር ስታነሳ እንኳ ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት። ምስጢር አላት ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም፤ ነበራት ግን። እናቷ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ሸክላ ይሠራሉ፣ አባቷ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ያገሬ ሰው የቀረውን ሳልነግረው ያውቀዋል፤ ቡዳ ይሏቸዋል። ገበያተኛው ድስታቸውን እየገዛ ከቤታቸው ውሃ አይጠጣም። እናቷ በመንገድ ሲያልፉ ሴቶች የእሳቸው ዓይን እንዳይበላባቸው የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። አስረሳሽ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ስትሄድ፣ የሌላ ሰው ልጆች ሁሉ ፊት ያልተሠራላቸው ይመስላት እንደነበር ነግራኛለች።

ጄኔቭ የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ የአንድ ዲፕሎማት ልጆችን ልትጠብቅ ነው። ወጥ ቤቱን የያዙት እትዬ ብፅዓት ነበሩ፤ ኦኔ የሚባል የጄኔቭ ሰፈር የሚኖሩ፣ ከሰው ጋር ሲተዋወቁ በመጀመሪያ ዘሩን፣ ጊዜ ከተረፋቸው ደግሞ ጤንነቱን የሚጠይቁ ሴት።

«አባትሽ ምን ነበሩ?»

«ነጋዴ» አለች አስረሳሽ። አልዋሸችም፤ ማረሻና ማጭድ ይሸጡ ነበር።

የቤቱ እመቤት ሶርሲዬር ነበረች። በፈረንሳይኛ ጠንቋይ ማለት ነው። እየሰደብኳት አይደለም፤ ራሷ በኩራት የምትጠራበት ማዕረግ ነው፣ ለዚሁ ኮርስ ወስዳ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቅላዋለች። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን በረንዳው ላይ ውሃ በጠርሙስ ትደረድራለች፤ ውሃው እንደ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል አሉ። አንድ ቀን ጠዋት አስረሳሽ ነገሩን ሳታውቅ በአንዱ ጠርሙስ ካውያውን ሞልታ የዲፕሎማቱን ሸሚዞች ተኮሰች። በዚያው ሳምንት ሰውዬው ሹመት አገኘ። እመቤቲቱ ጨረቃን አመሰገነች፣ ሰውዬው ራሱን አመሰገነ፣ አስረሳሽ ዝም አለች። ዝም ማለት ከልጅነቷ የተካነችበት ሙያ ነው።

እትዬ ብፅዓት ግን ዝም አላሉም። «የሰይጣን ሥራ!» እያሉ ወጥ ቤቱን በየጠዋቱ ጠበል ይረጩ ነበር። አንገታቸው ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ፤ እሱ ሃይማኖት ነው። የወንድማቸው ልጅ የጥጋቡ የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣ እንደሆነ እመቤቲቱ ካርታ ጥላ እንድታይላቸው የለመኑበት ቀንም አለ፤ እሱ ደግሞ ጉዳይ መከታተል ነው። ፈቃዱ ወጣ። ቀጥለው አስረሳሽን ለጥጋቡ አጯት፤ «ዘሯን እኔ ራሴ አጣርቻለሁ» ብለው ለዘመድ ሁሉ ደወሉ። አስረሳሽ ዙሪክ ሄዳ አገባች። ለባሏ አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያለች አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። ያውቅና ይተወኛል ብላ ትፈራ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበራትም።

አድሊስቪል ደግሞ ሌላ ጠንቋይ ጠበቀቻት። ምድር ቤት የምትኖረው ፍራው ብሩነር ከኢንሹራንስ ቢሮ ጡረታ የወጣች ሄክሰ ናት፤ ሄክሰ የጀርመንኛው ሶርሲዬር ነው። እሷና ሰባት ጓደኞቿ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል የሚባለው ወንዝ ዳር ክብ ሠርተው ቆመው ተፈጥሮን ይጠራሉ። ተፈጥሮ እንድትመጣ አስቀድሞ በኢሜይል መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የቀረ ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቃል። ድርቅ ሆኖ እሳት በተከለከለ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ሻማ ይዘው ይወጣሉ። አጋንንቱም ይህን ሕግ ያከብራሉ መሰለኝ፤ አንድም ጎረቤት ቅሬታ አላቀረበም።

ሔቨን የተዋወቀቻት ዋሽኩሄ ውስጥ ነው፤ ዋሽኩሄ የሕንፃው ነዋሪዎች በተራ የሚያጥቡበት ክፍል ነው። ፍራው ብሩነር የአስረሳሽ ተራ በሆነ ቀን ገመዱ ላይ ቅጠላ ቅጠል አስጥታ ተገኘች። አገሩ ይቅርታ የማያደርግለት ወንጀል ይህ ብቻ ነው። ሔቨን ግን አልተቆጣችም፤ እያንዳንዱ ቅጠል ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትዮዋም ስትመልስ ዋለች፤ ለካ የሚጠይቃት ሰው አልነበራትም። ድሮ በዚህ አገር ዕፅ ያወቀች፣ ከእሳትና ከአፈር መድኃኒት የቀመመች፣ ብቻዋን የኖረች፣ ዓይኗ ያላማረ ሴት ጠንቋይ ተብላ ትቃጠል እንደነበር ነገረቻት። ሔቨን ያንን ለትምህርት ቤት ፕሮጀክቷ መረጠችው።

አንድ ቀን እናቷ ሥራ ላይ ሳለች አያቷ ጋ በቪዲዮ ደወለች። «አያቴ፣ ሄክሰ በአማርኛ ምንድነው?» አያት ጀርመንኛ ከየት ያመጣሉ? ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛዋ ማስረዳት ጀመረች፦ በእጇ ትሠራለች፣ ከእሳትና ከአፈር። ሰው ዓይኗን ይፈራል። ክፉ ነች ይሏታል፣ እሷ ምንም አላደረገችም።

«እሱማ እኛ ነን፣ ልጄ። ቡዳ ነው የሚሉን» አሉ አያት።

«አያቴ! አንቺ ሄክሰ ነሽ? እኔስ?»

«አንቺማ የልጄ ልጅ አይደለሽ?»

ሔቨን በደስታ ጮኸች። ቃሉን አንድ ሰው እየሳቀ ሲጠራው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበርና አሮጊቷ አለቀሱ። ሔቨን ኔትወርኩ የተበላሸ መሰላት።

ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራው የእነአስረሳሽ ሆነ። እሑድ ከቀትር በኋላ ሳሎኑ ሞልቷል፤ እኔም፣ ሔቨን ‹ታንተ አፀደ›፣ አክስቴ አፀደ፣ የምትለኝ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጄን ሉሉን ታቅፌ ሶፋው ጥግ ተቀምጫለሁ። እትዬ ብፅዓት ከጄኔቭ በባቡር መጥተው የክብር ወንበሩን ይዘዋል። ከጸሎቱ በኋላ የተለመደው የማኅበራችን መዝናኛ ቀጠለ፦ የሔቨንን አማርኛ መስማትና ማረም።

«እስቲ ስለ ትምህርትሽ አጫውቺን። በአማርኛ!» አሏት እትዬ ብፅዓት።

ሔቨን ደስ እያላት ተነሳች። የፕሮጀክቷን ትልቅ ወረቀት ከክፍሏ አምጥታ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ አያቷ በሸክላ ድስቶች መሃል ቁጭ ብለው ይታያሉ።

«ስድስት አገኘሁ። ከሁሉ ትልቁ ነጥብ» አለች። «ስለ ቡዳ ነው የሠራሁት። እኔ ቡዳ ነኝ። አያቴም ቡዳ ናት። ማሚም አውኽ፣ እሷም።» ዝም ስንላት ያላመንናት መሰላት። «ኤኽት! እውነቴን ነው!»

የጎረሰ አላኘከም። አስረሳሽ እንጀራ የያዘ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። መናገር የነበረበት ሰው ስላልተገኘ እኔ ተናገርኩ።

«ቡድሃ ለማለት ነው!» አልኩ። «ይሄ ስዊዞች የሚያስቀምጡት ወፍራም ሐውልት አለ አይደል? የሱን ሃይማኖት ማለቷ ነው።»

ሳሎኑ ተነፈሰ። ልጅቷ ክርስትናዋን ትታለች ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን! እትዬ ብፅዓት ጭምር አማተቡና «እሱ ከሆነ ቀላል ነው፣ ንስሐ ትገባለች። አይደል አስረሳሽ? ልጅቷ ቃሉን ስታ ነው፣ አይደል?» አሉ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተውላታል፤ «አዎ» ብላ መውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

አስረሳሽ ልጇን አየች። ሔቨን ወረቀቱን እንደያዘች፣ ደግሞ ምን ተሳሳትኩ ብላ ፊቷ መቅላት ጀምሯል።

«አልሳተችም» አለች አስረሳሽ። ትሪውን አስቀመጠች። «አማርኛዋን ሁልጊዜ ታርሟታላችሁ፤ ዛሬ ልክ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። የሚሉንም እሱን ነው።»

እኛን አልነበረም የምታየው፤ ጥጋቡን ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ጥጋቡ።

«ትሄዳለህ ብዬ።»

«በልታሃለች!» ብለው ጮኹ እትዬ ብፅዓት፣ ክታባቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትበላህ ኖራለች!»

ጥጋቡ መቶ አምስት ኪሎ ነው። ቁልቁል ቦርጩን አየና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ከበላችኝ፣ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለ። ማንም አልሳቀም። ሳህኑን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። «ምስሩን ጨምሪልኝ» አላት። አስረሳሽ ስትጨምርለት እንባዋ ይወርድ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ።

እትዬ ብፅዓት በሚቀጥለው ባቡር ሄዱ። ሌሎቹም ሁሉ በአንዴ ነገ ማልደው ሥራ የሚገቡ ሆኑ። ጫማ መልበሻው ጋ ግፊያ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሳሎኑ ባዶ ሆነ።

እኔ ቀረሁ። ጓደኛዋ ነኛ! ከዚያም በላይ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብዬ ስብሰባ ላይ ቆሜ ተናግሬ አውቃለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል። አስረሳሽ ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ካንቺ በቀር ሁሉም ሄዱ የምትለኝ መሰለኝ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሔቨን ግን ቀደመችን።

«ታንተ አፀደ፣ ሉሉን ለምን ሸፈንሻት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሉሉ ፊት የለም። ነጠላዬ ከግንባሯ እስከ አገጯ ወርዶ ተጠቅልሏል፤ ጫፉን በጡጫዬ ይዤዋለሁ። መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም። ስለ ቡድሃ ሳወራም እንደዚያው ይዤው ነበር ማለት ነው።

«ነፋስ ነው» አልኳት።

አስረሳሽ ተነስታ በረንዳው በር ድረስ ሄደች፣ እጀታውን ያዘች፣ ወደ ታች ጫን አድርጋ ሞከረችው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

«ተዘግቷል» አለችኝ፣ ነጠላዬን እያየች።