ነጠብጣቡን ለማስለቀቅ የሄድንበት ቀን

ከቶርንክሊፍ ፓርክ

ኅዳር ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ዳምኖ ያካፋል። በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ያቀፍኩት የሚስዝ ኤልዛ ሥዕል ነው። ሚስዝ ኤልዛ እየተመላለስኩ ቤታቸውን የማጸዳላቸውና የምንከባከባቸው፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። በማግስቱ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ፤ ከግድግዳቸው አውርደው የሚወስዱት ይህንኑ ብቻ ነው። የአያቶቻቸውን መንደር የሚያሳይ፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው የብዕር ሥዕል። ነጠብጣብ አበላሽቶታልና ላስለቅቅልዎ ብዬ የወተወትኳቸው እኔው ነኝ።

ከአገር ቤት በእኔ ስፖንሰርነት ከመጡ ገና ሦስት ወር የሆናቸው አባቴም ቤት መዋል ሰልችቷቸው አብረውኝ ወጡ።

አውቶቡስ ውስጥ

ሁለት የመሳፈሪያ ቶክን ሳጥኑ ውስጥ ጥዬ ገባን። መቀመጫ የለም። አጠገቤ የቆመው ሰው ጃንጥላ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀለሙ ቢለቅስ? ሰው ቢገፋኝስ? ፔፕ ጣቢያ እስክንደርስ ከደረቴ አላላቀቅኩትም።

«ታቦት ነው እንዴ የያዝሽው?» አሉ አባቴ። አልሳቅሁም።

ዳንፎርዝ

ቀጠሮ የያዝኩላት የአሮጌ ሥዕል ጥገና ባለሙያ ሥዕሉን መብራት ሥር ዘረጋችው። ሠዓሊዎች በቤተ መንግሥት መሣልን ትተው ገጠር ለገጠር በሚዞሩበት ዘመን የተሣለ መሆኑን ነገረችኝ። ነጠብጣቡ ይለቃል፤ አንዴ ከለቀቀ ግን መመለሻ የለውም አለች። ፈርሚ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። አባቴ ይህን ጊዜ ማጉያ መነጽሩን አንስተው ጎንበስ ብለዋል።

«አባዬ ፕሊስ፣ አይንኩት። ስፖቱን ክሊን ልታደርገው ነው።»

«የቱን? እዚህ የተሣለው ሰውዬ እኮ መንሽ ይዟል፣ ምርት እያበጠረ ነው። ቆሻሻ ያልሽው እብቁ ነው። ነፋሱ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ሲወስደው አይታይሽም?»

ለትምህርት ከተማ የገባሁት በልጅነቴ ነው፤ ውድማ ረስቻለሁ። በማጉያው ሳይ እያንዳንዱ ነጥብ በብዕር የተጫረ ነበር። እስክሪብቶውን ሳልፈርም አስቀመጥኩት። ባለሙያዋም አየችና ወረቀቱን ከፊቴ አነሳችው።

መልስ

መንገዱን ሙሉ ሚስዝ ኤልዛን ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ተጨነቅሁ። ቤታቸው ደርሰን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስዝ ኤልዛ ሥዕሉን ተቀብለው አቀፉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻጋታ ነው ብለው ኖረዋል።

በመጨረሻ «ነፋሱ ከየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለአባቴ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም እንደ ሥዕሉ ነፋስ ከሚስዝ ኤልዛ በስተግራ ቆመው ቀስ ብለው እፍ አሉ። የአሮጊቷ ነጭ ፀጉር ተነሳ፤ ሥዕሉን እንዳቀፉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ሳጸዳ፣ ቆሻሻ ስለመሰለኝ ነገር ሁሉ ቀድሜ እጠይቃለሁ።