ከማዳም እህት ፊት የቀረበው መጠጥ

ጅቡቲ በሰው ቤት ስሠራ በየማለዳው የምጠላው ሥራ አንድ ነበር፤ የማዳምን መጠጥ መፍጨት። ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። እሱ ላይ ጥሬ ብሮኮሊ፣ እርድና የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ይጨመርበታል። በዚያ ሙቀት ሽታው ካፍንጫዬ አይወጣም፤ መፍጫውን በሳሙና አጥቤም እጄ ያንኑ ይሸታል። ማዳም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። «ሆርሞን ያስተካክላል፣ ካንሰር ይከላከላል» እያለች ለእኔም ትቀዳልኛለች። ዞር ስትል እደፋዋለሁ።

አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ካርቲየ 2 ከሚባለው ሰፈር መጣች። አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አጥታለች፤ በሚሰጣት መድኃኒት ጸጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራለች። ገና አረፍ ከማለቷ ማዳም ብርጭቆውን አስመጣችኝ።

«ጠጪው፤ ሴሌኒየም አለው፣ ዚንክ አለው።»

«ሐኪሙን ሳልጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር አልወስድም። ደግሞ ያቅለሸልሸኛል።»

«ሐኪም ምን ያውቃል? ቀድሞውኑ እንደኔ ብትጠነቀቂ ኖሮ መች ይይዝሽ ነበር?»

እህትየዋ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። እስከዚያች ቀን የሚያስጠላኝ ተልባው ነበር፤ ያኔ ግን ማዳም ራሷ አስጠላችኝ። ሰው እንዴት የገዛ እህቱን በሕመሟ ይወቅሳል?

ማዳም ስልኳ ጠርቶ ስትወጣ እህትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «እናታችን ያሳደገችን በአንድ ሳህን ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሷ የበላችውን ነው የበላሁት።»

«ምን ላምጣልዎ?» አልኳት ብርጭቆውን እያነሳሁ።

«ሽታ የሌለው ነገር። ነጭ ሩዝ ካለ።»

ሎሚ ጨምቄበት አመጣሁላት። ጥቂት እንደቀመሰች ማዳም ተመለሰች።

«ነጭ ሩዝ! ካንሰሩን ልትመግቢው ነው?» ብላ ሳህኑን ልትነጥቃት እጇን ሰደደች። እህትየዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ተይኝ፤ ልብላበት።»

እስኪያልቅ በላች። ከዚያ ደግፌ ታክሲ አሳፈርኳት፤ ማዳም በር ድረስ እንኳን አልሸኘቻትም።

ወሩ ሲያልቅ ሥራውን ለቀቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እህትየዋን ገበያ መሀል አየኋት። ሕክምናዋን ጨርሳለች፤ ጸጉሯም አጭር ሆኖ በቅሏል። አቅፋ ሳመችኝ። ከማዳም ጋር ታርቀው እንደሆነ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።